ፍራሹን በአራት የከፈለው ባዘቶ

ስሙኝማ። ሰው ስለ ታመመ ሰው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አይደል? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ስለ ባዘቶ ሳወራ እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው። ቤቱ ከቤቴ ጋር በግድግዳ ይገናኛል፤ እሱም ይስማ፣ ሚስቱም ትስማ፣ መንገደኛውም ይስማ።

ባዘቶ ያልነው እኛ የሰፈር ሰዎች ነን። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን በዛ ስም ብትጠሩት ዞር ብሎም አያይም። ሥራው ፍራሽ ማደስ ነው። ተኝተውበት ተኝተውበት የጠጠረ፣ መሃሉ ጎድጉዶ ጠርዙ ያበጠ የጥጥ ፍራሽ ይሰጡታል። ስፌቱን ይተረትርና ሆዱን ይከፍተዋል፤ የተጓጎለውን ጥጥ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይበትነዋል፤ በቀጭን ዱላ ሲገርፈው ሲገርፈው ጥጡ ነፍስ ይዘራል። ከዛ አዲስ ጨርቅ ውስጥ ይከተውና ክንድ በሚያህል መርፌ ይሰፋዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ቅንድቡ ላይ ጥጥ፣ ፂሙ ላይ ጥጥ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ። ገና በጎልማሳነቱ ሽበታም አስመሰለው። ባዘቶ አልነው፣ በዛው ቀረ።

አሁን እስቲ አስቡት። የሰፈሩን ፍራሽ ሁሉ ሆዱን ከፍቶ ያየ ሰው የማያውቀው ምን አለ? ሰው የሚሸሽገውን የት ነው የሚሸሽገው? ፍራሽ ውስጥ ነዋ! ያገባ ሰው የድሮ ፍቅረኛውን ፎቶ፣ ደሃ ነኝ ባይ ብሩን፣ ሌላው ደግሞ የወለቀ ጥርሱን። አዎ፣ ጥርሱን! ይሄን ሁሉ ያየ ሰው ግድግዳ ተጋርቶኝ እየኖረ፣ እኔ አንዲት ነገር ሳልሰማ ልሞት ነው? ስንቴ ሻይ አፍልቼ፣ ስኳሩን ሁለት ማንኪያ ከምሬ፣ በርጩማ ስቤ አስቀመጥኩት መሰላችሁ።

«እስቲ በሞቴ፣ የዛ ኮስታራ ዳኛ ፍራሽ ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ጥጥ ነው እማማ።»

«የዛችስ፣ ባሏ ጥሏት የጠፋው?»

«የሷም ጥጥ ነው።»

«እሺ የኔስ ውስጥ ምን ነበር?»

«አንቺማ ያለሽ ሁሉ ምላስሽ ላይ ነው፤ ለፍራሽ ምን ተርፎሽ?» ብሎ ሻዬን ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ ሄደ። ሌባ!

ያገኘውን ዕቃ ለባለቤቱ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚመልሰው፤ ያውም ማንም ሳያይ፣ ቃል ሳይተነፍስ። ይሄን የነገሩኝ የተመለሰላቸው ሰዎች ናቸው። እሱ ይሄንንም አልነገረኝም።

እንግዲህ ሕመሙ የጀመረው እኔው ግቢ ነው። የኔን ፍራሽ ከፍቶ፣ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ጥጡ ውስጥ ነክሮ ጥጉን እየሞላ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በድንገት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። እኔ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ብርድ ብርድ አለኝ እማማ።»

«በዚህ ፀሐይ? ምን ነካህ አንተ?» ብዬ ግንባሩን ብነካው እጄን መልሼ ሳብኩት። እሳት ነው።

«በል ተወው፣ ሂድና ተኛ» አልኩት። እምቢ አለ። «ጥግ ሳልደርስ ካቆምኩ ጥጡ ይሸሻል፤ ነገ ራስሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል» አለኝ። እየተንቀጠቀጠ ጥጉን ሰፋ። ያንን ጥግ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ትራሴን ሁሌ እዛ ነው የማደርገው። ስፌቱ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ጥጡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዛ ወዲህ እንዲህ ሆነ። አመሻሽ ላይ ትኩሳቱ ይመጣል። ሌሊት በላብ ይዋኛል። ጠዋት ደግሞ ራሱን ያመዋል፤ ያውም ብረት የሚቀጠቅጡበት ያህል። ረፋዱ ላይ ለቀቅ ያደርገውና እስከ ማታ ደህና ሰው ይመስላል። በነጋታው ደግሞ ያው። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ይጠፋል፤ አለቀልኝ ሲል ተመልሶ ይመጣል።

ሚስቱ የአውቶብስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የምትወጣው። አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ አገኘኋት።

«እማማ፣ ሌሊት ውሃ የተደፋበት ነው የሚመስለው። ሸሚዙን ስጨምቀው ይንጠባጠባል። እሱ ለኔ ብሎ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ እኔ ደግሞ ለሱ ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ። እንዲህ ስንሸዋወድ ይነጋል» አለችኝ።

ሰፈሩ ታዲያ ዝም ይላል? ሁሉ በየፊናው በሽታ አዋጣ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለ፣ አንዱ ወባ፣ አንዱ ነርቭ፣ አንዷ የደም ማነስ። እኔ ጨጓራ ነው አልኩ። ትኩሳትና ጨጓራን ምን እንዳገናኛቸው አትጠይቁኝ፤ ሁሉ ሲያዋጣ ባዶ እጄን ልቁም እንዴ? በምርመራ ግን አንዳችንም አልደረስንበትም። ደሙን ወሰዱ፣ ሽንቱን ወሰዱ፣ አክታውን ወሰዱ፣ ደረቱን ራጅ አነሱት፣ ሆዱን ቅባት ቀብተው በማሽን አዩት። ሁሉም ደህና ነው ይላል። ደህና ያልሆነው ባዘቶ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት። እዛ አንዲት ሐኪም አየችው። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ሳየው አገኙለት ብዬ ከበርጩማዬ ተነሳሁ።

«ምን አሉህ?»

«አላውቅም አለችኝ» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

«እና ይሄ ያስቃል?»

«እማማ፣ አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። ‹የመረመርነው ሁሉ ነፃ ነው፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገርም አላገኘንም። ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። መፈለጉን አልተውም፣ አንተም ቀጠሮህን አትተው። ከከሳህ ወይ አዲስ ነገር ካየህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ና› አለችኝ። ሰው ሁሉ ስም ሲያወጣልኝ ከረመ። እሷ ግን ለኔ ብላ አልዋሸችም። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

እኔ ደስ አላለኝም። ለምን ብትሉኝ፣ ሰው ስም የሌለው በሽታ አይወድማ! ታይፎይድ ነው ብትሏቸው «አይዞህ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር» ብለው ትከሻችሁን መታ መታ ያደርጋሉ። አልታወቀም ስትሏቸው ያቺው እጅ ኪስ ትገባለች። አይቻለሁ።

ባዘቶም ቢሆን ቀን ቀን እየሳቀ ይዋል እንጂ ድንጋይ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት ከጥጡ ክምር ጀርባ ተቀምጦ፣ መርፌውን ይዞ ሳይሰፋ አገኘሁት።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ስም ቢኖረው እሰድበው ነበር፤ አሁን ማን ብዬ ልስደበው?»

አንጀቴን በላው። «ታዲያ እኛ እናውጣለታ!» አልኩት። «ቤትህ ገብቶ፣ አልጋህ ላይ ተኝቶ፣ ኪራይ የማይከፍል ማን ነው? ደባል ነው!»

ሳቁ ጥጡን አበነነው። ከዛን ቀን ጀምሮ በጠዋት በመስኮት «ደባልህ እንዴት አደረ?» እለዋለሁ፤ እሱ «ሲዋኝ አደረ» ይለኛል። ወይ «ዛሬስ ለዘመድ ጥየቃ ወጥቷል መሰለኝ» ይለኛል።

ስም ካገኘ በኋላ ደባሉን እንዴት እንዳስተዳደረው ነው መስማት ያለባችሁ። መጀመሪያ የራሱን ፍራሽ አወጣና ለሁለት ሰነጠቀው። የሚስቱ ወገን እንዳለ ቀረ። የሱን ወገን ደግሞ ሦስት አደረገው፤ ለራስ፣ ለጀርባ፣ ለእግር። ከተረፈ ጥጥ ሌላ አንድ ጨምሮ አራት። እርስ በርስ በክር ማሰሪያ ይያያዛሉ። ሌሊት ጀርባው የረጠበ እንደሆነ ማሰሪያውን ይፈታል፣ እርጡቡን ይስባል፣ ደረቁን ያስገባል፣ ይተኛል። አልጋው አይንቀጠቀጥ፣ መብራት አይበራ። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ተነስታ «ዛሬ አላላበህም?» ስትለው እርጡቡን ቁራጭ በር ላይ ያሳያታል። «እንዴት አልሰማሁም?» ትላለች። የሴትዮዋም የዓይኗ እብጠት ጠፋ። አውቶብስ ላይ ከተሳፋሪ ጋር መጣላት ቀነሰች ይባላል።

ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይደብቃል፤ እርጥብ ፍራሽ የሚሰቀለው ልጅ ባለበት ቤት ነዋ። ባዘቶ ሆዬ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ የሚያይበት ገመድ ላይ ሰቀለው። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው «ባዘቶ ሸና! ባዘቶ ሸና!» ይሉ ጀመር። እኔ ዱላዬን ላነሳ ስል ቀደመኝ።

«ላብ ነው» አላቸው፤ በጣም ቁምነገረኛ ሆኖ። «ያላመነ መጥቶ ያሽትት። ተራ ያዙ!»

አንድ ልጅ አልቀረም፣ ሁሉም እልም አሉ።

ሥራውንም ከደባሉ ጋር ተደራድሮ ከፋፈለው። ጠዋት ራሱን ሲያመው የሚሰፋ ይሰፋል፤ መርፌ ድምፅ የለውማ። ረፋዱ ላይ ሸክሙን ይሸከማል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ዕቃውን ይሰበስባል። ዱላውን ግን ጨርሶ ተወው፤ ጥጥ ሲገረፍ የሚያሰማው ድምፅ አናቱን ይሰነጥቀው ነበር። ቁጭ ብሎ ጥጡን በጣቱ ፍልቅቅ፣ ፍልቅቅ እያደረገ ይፈታዋል። ጊዜ ይፈጃል፤ አንዱን ፍራሽ በሚጨርስበት ድሮ ሁለት ይጨርስ ነበር። ግን ያ ፍራሽ! ተኝታችሁበት ብታዩ። በዱላ የተመታ ጥጥ ይሰባበራል፤ በጣት የተፈታው ግን እንዳለ ረጅም ነው። «እንዴት አወቅህበት?» ስለው «እኔ ሳልሆን ራስ ምታቴ ነው» አለኝ።

ታዲያ እንዲህ ሆኖ ሁሉን መስመር ሲያስይዝ ነው ወሬው የመጣው።

ወዲያው ወደኔ አትዩ! እኔ አይደለሁም። ልብስ ሰፊዋ ናት። ከሰፈሩ ወሬ አዋቂ እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ናት፤ ሁለተኛነቷ ነው የሚያንገበግባት። ከኋላ ቤት አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲያስሉ፣ ሲያስሉ ከርመው አረፉ። ልጆቻቸው የአባታቸውን ፍራሽ አሳድሰው ሊተኙበት ለባዘቶ ሰጡት። ልብስ ሰፊዋ ይቺን ይዛ ምን አለች? «የሟቹ በሽታ ፍራሹ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባዘቶ ሆዱን ሲከፍተው ወጥቶ ያዘው። አሁን ደግሞ ከሱ እጅ ወደየፍራሻችሁ ይገባል። ሐኪም እንኳን አላውቅም ያለው ለዚህ ነው!»

ሰው ደግሞ አመነ። በሽታ ፍራሽ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል የሚባል ነገር አምኖ ቁጭ አለ! እኔን ተረት ትወዳለች እያሉ የሚያሙኝ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ አመኑ። አንዷ መጥታ ግማሹ የተሰፋ ፍራሿን ከእጁ ነጥቃ እየጎተተች ሄደች። ጥጡ በተከፈተው በኩል እየተንጠባጠበ መንገዱን ሁሉ ነጭ አደረገው። ባዘቶ ከኋላዋ «ቢያንስ ጫፉን ልቋጥርልሽ!» እያለ ይከተላታል። እሷ ትሮጣለች። ስንት ጊዜ ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያናድደኛል።

ከዛ ወዲያ በሩ ላይ ፍራሽ ጠፋ። ባዶ ገመድ፣ የራሱ እርጥብ ቁራጭ ብቻ። አሁን የቀረው ፔንሲዮኑ ነው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ባለ ፎቁ ፔንሲዮን እንግዳ በሚቀንስበት ወራት ፍራሾቹን ሁሉ ለባዘቶ ይሰጣል፤ ያ ሥራ ነው ዓመቱን ሙሉ ደግፎ የሚያቆመው። የፔንሲዮኑ ባለቤት እመቤቲቱ ከሰጠችው ሰፈሩ ይመለሳል፤ ከከለከለችው አለቀለት። የሚያስፈራው ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሌላ ሥራ ቢገባ፣ ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ማታ ያተኩሰኛል የሚል ሰው ማን ይቀጥራል? ከደባሉ ጋር አብሮ የሚኖር ሥራ ይሄ አንድ ብቻ ነው። ይሄ ከሄደ ቤት መዋል ነው፤ ባዘቶ ቤት ከዋለ ደግሞ ደባሉ አሸነፈ ማለት ነው።

እመቤቲቱ ልካ «ለመወሰን ላናግረው፣ ይምጣ» አለች። ጭራሽ ጥጡን ሁሉ ጥላ ስፖንጅ ልትገዛ ነው የሚል ወሬም አለ። ሚስቱ ሸሚዙን እየተኮሰች ስትለምነው እኔ እዛው ነበርኩ፤ ጨው ልበደር ገብቼ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስትጠይቅህ ድኛለሁ በል። አንዲት ቃል ናት። ማን ሌሊት መጥቶ ያይሃል?»

«አልዳንኩማ።»

«አውቃለሁ አለመዳንህን! እኔ አይደለሁ የማጥበው?»

«ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኛበትን ነገር ነው የምሠራው» አላት። «እዛ ላይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልዋሽ?»

ሴትዮዋ ካውያውን አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ ጣልቃ ገባሁ።

«እሺ አትዋሽ። ግን የዛችን የልብስ ሰፊ ፍራሽ ከፍተህ የለም? አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር ጣል አድርግልኝ። ሌላውን ለኔ ተወው፤ ነገ ስለ አንተ የሚያወራ አይኖርም።»

«ጥጥ ነው እማማ።»

በንዴት ጨዉን ሳልወስድ ወጣሁ።

ፔንሲዮኑ ሲሄድ ታዲያ ተከተልኩት። እኔ እዛ ምንም ጉዳይ የለኝም፤ የመኝታ ዋጋ ልጠይቅ ነው አልኩ፣ የራሴ ቤት እያለኝ። ግቢው ውስጥ ፍራሾቹ ተቆልለው ፎቅ ሠርተዋል። ልብስ ሰፊዋም አለች፤ አዲስ አንሶላ ልትለካ መጥታ። እመቤቲቱ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ የክፍሎቹ ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንቀሳቀስ እንደ ቃጭል ይጮሃል። ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ከሷ አንድ ቀን ሳቅ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

«ድነሃል?» አለችው፤ ሰላም እንኳን ሳትለው።

የሚስቱ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። አንዲት ቃል!

«አልዳንኩም እትዬ» አለ ባዘቶ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። «አመሻሽ ላይ ያተኩሰኛል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ጠዋት ራሴን ያመኛል። ሐኪሟ ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ግን አላገኘችም። ካላመንሽኝ ቀጠሮዬ ቀርቧል፣ አብረን እንሂድና ጠይቂያት።»

«እኔ የማውቀውን ሐኪም ምን ይጠየቃል!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ። «ከሟቹ ሽማግሌ ፍራሽ ነው የያዘው። አገር ያወቀውን!»

እኔ የመኝታ ዋጋ ረሳሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌው ያረፉት ከክረምቱ በኋላ አይደለም? ቀብራቸው ላይ አዲስ ጫማ አድርገሽ እግርሽን ልጦሽ አይደል በባዶ እግርሽ የተመለስሽው?»

«እና?»

«እናማ ባዘቶ መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ከክረምቱ በፊት ነው። ያውም የት? እኔ ግቢ! ሁለት እጁ የኔ ፍራሽ ሆድ ውስጥ እያለ! ሽማግሌው ያኔ ደህና ተቀምጠው በር ላይ ያስላሉ። እንግዲህ በሽታ ከፍራሽ የሚወጣ ከሆነ የወጣው ከኔ ፍራሽ ነው፤ ሽማግሌውን ተዋቸው፣ በሰላም ይረፉ። እኔ እስከ ዛሬ እዛው ላይ ነው የምተኛው። እዩኝ! ምኔ ነው የታመመው?»

«ምላስሽማ ደህና ነው» አለች እመቤቲቱ፤ ቁልፎቹ ቅጭል አሉ።

«ምላሴ ብቻ አይደለም። እቺም በየከሰዓቱ እየመጣች ዳቦዬን እየበላች የምትጋደመው እዛው ፍራሽ ላይ ነው! እስቲ አንቺ፣ ሌሊት ያልብሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው እጇ ወደ ግንባሯ ሄደ። አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች ሲስቁ ፍራሹ ቁልል ላይ ወደቁ። እጇን ቶሎ ብላ አወረደችው፣ ግን አይተናታል።

ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን የተሸነፈ ሰው ነገር፣ ያገኘችውን ወረወረች።

«ይሁን!» አለች። «እሱ የሰው ፍራሽ ሲፈለፍል የኖረ አይደል? ሁሉን አውቃለሁ ብሎ የሚኮፈሰው! እስቲ ይንገረን። የእመቤቲቱስ ፍራሽ ውስጥ ምን አገኘ?»

የቁልፎቹ ድምፅ ቀጥ አለ።

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ፊት አይቻለሁ። የዛን ቀን የእመቤቲቱን ፊት ግን አልረሳውም። ያቺ ድንጋይ የምትመስል ሴት፣ አይኗ ባዘቶ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ አንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ ጭምቅ አድርጎ ይዟል። የሆነ ነገር አለ! ፍራሿ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ እሱም አይቶታል! ጆሮዬ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ፊት ከመንጠራራቴ የተነሳ በዱላዬ ባልደገፍ በአፍጢሜ ልደፋ ነበር።

ልብ በሉ። ይቺ ሴት ወሬ ሰምታ ሥራውን ያንጠለጠለችበት ናት። ሰላም እንኳን አላለችውም። አንድ ቃል ቢተነፍስ ዓመቱን ሙሉ ሰው ስለሱ ትኩሳት ማውራት ትቶ ስለ እሷ ነበር የሚያወራው።

«ጥጥ» አለ ባዘቶ።

ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቀጠለ።

«ደህና ጥጥ ነው። የድሮ ጥጥ። በስፖንጅ አትለውጪው እትዬ፣ ትቆጪያለሽ።»

እመቤቲቱ መደገፊያውን ለቀቀች። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደችና ፊቱ ቆመች። ግንባሩን የምትነካው መስሎኝ ነበር፤ አልነካችውም፣ ግን ከዛች ደረጃ ለማንም ወርዳ አታውቅም።

«ነገ ጠዋት ጀምር» አለችው።

እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ይሄ ጉደኛ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጠዋት አይሆንልኝም። ራሴን ያመኛል። ረፋዱ ላይ ነው የምመጣው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም እወጣለሁ። ዱላም አልይዝም፣ በጣቴ ነው የምፈታው። እንደ ድሮው ቶሎ አይደርስም። በዚህ ከተስማማሽ ነው።»

ከኋላ ጎኑን ቆነጠጥኩት። አልዞረም።

«እኔ የምፈልገው ፍራሽ ነው» አለች እመቤቲቱ። «ሰዓቱን አንተ እወቅበት።» ወደ ደረጃዋ ዞራ አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች። «መጀመሪያ የኔን ሥራ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

ይሄው ነው። ከሳምንት በኋላ ያቺ ፍራሿን እየጎተተች የሸሸችው ሴት ተመልሳ መጣች፤ ፍራሿ ግማሽ ጥጡ የለም። ባዘቶ ምንም አላላትም፤ ያንጠባጠበችውን ጥጥ ከመንገድ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በከረጢት አስቀምጦላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ከሰዓት ከሰዓት ግን ትመጣለች፣ ዳቦው የት ይቀርባታል። ጋደም እንዳለች ግንባሯን ስትነካ ሳያት እየሳቅሁ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። አልዳነም። ሐኪሟ ጋ ቀጠሮውን አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። ደባል ብለን እንደሰየምነው ሲነግራት ስቃ «ስሙን እስካገኝለት በዚህ እንጥራው» አለችው አሉ። ትፈልጋለች፤ እሱም ይጠብቃል፤ እስከዛው ግን ቁጭ ብሎ አይደለም።

እኔማ አልተውኩትም። የእመቤቲቱን ፍራሽ ሠርቶ በጨረሰ ዕለት ሻይ አፈላሁ፣ ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አደረግሁት።

«እንግዲህ ሁለቴ ከፍተህ አይተኸዋል። አሁን እንኳን ንገረኝ። ሳልሰማ ብሞት ትጸጸታለህ።»

«ጥጥ ነው እማማ» አለኝ፤ ማንኪያውን እያዞረ። «ስኳሩ ግን በዝቷል።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መስኮቴን ስከፍት የጀርባው ቁራጭ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ባዘቶ በሩ ላይ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ፣ አይኑን ከፀሐይ ከልሎ፣ ጥግ ጥጉን ይሰፋል። ቅንድቡ ላይ ጥጥ።

«ደባልህ እንዴት አደረ?»

«ሲዋኝ አደረ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ደረቁ ላይ ነው የተኛሁት» አለኝ፤ ክሩን በጥርሱ ቆረጠው።